ያላየሁትን ሞት አልጠራም

ጥሩንባዬ አሁን ምሰሶ ላይ ተሰቅላለች። አፏን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የሰቀልኳት። ባለቤቴ እንጉዳይ «ምነው እንዳኮረፈች ሙሽራ ፊቷን አዞርካት?» እያለች ትቀልድብኛለች እንጂ ምክንያቱን ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። የእድር ጥሩንባ አፏ ወደ ሰው ዞሮ ከታየ፣ ያየው ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል፤ «ማን ነው?» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስደነግጥ ኖሬአለሁ። አሁን በጡረታዬ ጎረቤት ተረጋግቶ ይግባ ይውጣ ብዬ ነው።

ሥራዬ ይኸው ነበር። የእድራችን አባል ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ፣ በፍኖተ ሰላም መንገዶች ዞሬ፣ ጥሩንባ ነፍቼ የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ እናገራለሁ። በከተማችን ዕድሜው ጠና ካለ ሰው መካከል የእኔን ድምፅ በእንቅልፍ ልቡ ያልሰማ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሰርግ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። አንዲት የሙሽራ እናት በር ላይ እጄን ያዝ አድርገው «አያ አስማረ፣ ለምሳ ነው አይደል የመጡት?» ብለውኛል። ለምሳ ነበር የመጣሁት። ስበላ ግን አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ለምን ሥራውን ተውክ ለሚለኝ ሁሉ፣ የፊት ጥርሶቼ ስለወለቁና እድሩም የሞት መልእክት በስልክ ይላክ ብሎ ስለወሰነ ነው እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ጥሩንባዬ ግን ከዚያ በፊት የሞተችበት ቀን አለ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ቀንና ሥራውን ስላስተማሩኝ ሰው፣ ስለ አያ ደምለው ነው።

ከገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም ስመጣ ወጣት ነበርኩ፤ ወፍጮ ቤት ጆንያ እሸከም ነበር። እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝን ሳል ያተረፍኩት ከዚያ ቤት ብናኝ ነው። አንድ ቀን ወፍጮው እየጮኸ ከእሱ በላይ ጮኼ አንዲት ባለ እህል ስጠራ፣ ጋቢ የለበሱ ረጅም ቀጭን ሰው በር ላይ ቆመው ሰሙኝ። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ አያ ደምለው ነበሩ። «ድምጥህ ወፍጮውን አልፎ ወጣ። ጆንያውን ተወውና ኸኔ ጋር ና» አሉኝ። ተከተልኳቸው። ለምን እንደተከተልኳቸው አሁንም አላውቅም፤ ደመወዙ ከጆንያው አይሻልም ነበር።

ሰው ጥሩንባ መንፋት በጉንጭ ይመስለዋል። በጉንጭ የነፋ ሁለት መንገድ ሳይሻገር ከንፈሩ ያብጣል። ትንፋሹ ከሆድ መምጣት አለበት፤ ከንፈር በሩን ገርበብ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው ሥራው። በባዶ ሆድ ይነፋል፤ አፍ አስቀድሞ በለብታ ውኃ ይጉመጠመጣል። መንታ መንገድ ላይ ነፋስን በጀርባ ሰጥቶ ይቆማል። የመጀመሪያው ንፊት ረጅም ነው። ከዚያ ዝም ይባላል። አያ ደምለው ትልቁን ነገር የሚሉት ይህን ዝምታ ነበር። «ሰውን ኸቤቱ የሚያወጣው ጩኸቱ አይደለም፣ ኸጩኸቱ በኋላ ያለው ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን እዚያው ዝምታ ውስጥ ሳሌ ይመጣብኛል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ንፊት መካከል ሳልሳል የቀረሁበት ቀን የለም። እሳቸው በዚህ እስኪሞቱ ተናደውብኛል።

ስም መጨረሻ ላይ ይጠራል። አስቀድሞ ሰፈሩ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዚያ ሰዓቱ፣ በመጨረሻ ስሙ። ስሙ ከቀደመ ሰው በለቅሶ ይውጥሃል፤ ቀብሩ የት እንደሆነ የሚሰማ አይገኝም። ከጠሩ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት የለም። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ የጠሪው ጉዳይ አይደለም። ጥሩንባዋም ሰው በሌለው መንገድ እንኳ በጋቢ ተሸፍና ነው የምትሄደው።

ከሁሉ የጠበቀው ሕጋቸው ግን እግር መያዝ ነበር። አያ ደምለው አስከሬኑን ሳያዩ ጥሩንባ አያነሡም። ወደ ለቀስተኛው ቤት ይገባሉ፣ ማንንም አያናግሩም፣ የሟቹን እግር በመዳፋቸው ይይዛሉ፣ ጥቂት ቆይተው ይወጣሉ። መጀመሪያ ሳይ ጠጉሬ ቆሞ ነበር። ለምን እግር እንደሆነ ብጠይቃቸው «ፊት ያታልላል፤ የተኛ ይመስላል። እግር ግን አይዋሽም» አሉኝ። ከዚያም በወጣትነታቸው ያዩትን አወሩኝ። በአንድ የገጠር ደብር፣ ሩቅ ገበያ የሄደ ሰው ሞተ ተብሎ ተጠራ። ሰውየው አህያውን እየነዳ ሲመለስ በገዛ ቤቱ ድንኳን ተተክሎ፣ ሚስቱ ጠጉሯን ተላጭታ አገኛት።

«ኸዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ» አሉኝ አያ ደምለው። «ግን ምን ዋጋ አለው! ሰው አስቀድሞ ሰላም አይለውም። እህሉን የሚገዛው ጠፋ። ቆሎ ሲያቀርብ እንኳ እጅ ሸሸ። አንዴ የተጠራ ሞት አይመለስም፣ አስማረ።»

ትንሽ እንደተማርኩ ለደምበጫ እድር አዋሱኝ፤ የዚያ ጥሩንባ ነፊ ታሞ ነበር። እዚያ ሳለሁ ነው የሥራዬን ኃይል ያየሁት። ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አውቶቡስ ቆሞ አንድ ሰው አወረዱ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። መታወቂያ የለው፣ ስልክ የለው፣ የሚያውቀው መንገደኛ የለ። አውቶቡሱ ሄደ። እግሩን ያዝኩት፤ ጫማው አዲስ ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነፋሁና ስም መጥሪያው ላይ ስደርስ ምን እንደምል ቸገረኝ። «ስሙን እግዚአብሔር የሚያውቀው መንገደኛ» አልኩ። ደምበጫ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ለማያውቁት ሰው እንባቸውን አፈሰሱ። አንዲት እናት «ልጄን የሚመስል ሰው!» እያሉ ያለቅሱ ነበር፤ ፊቱን ግን አላዩትም፣ ተገንዞ ነበር። አያ ደምለው ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይኸው ነው አገር ማለት» አሉ።

ከዚያ ቡሬ ማዘጋጃ ቤት ቀጠረኝ። እዚያ በሜጋፎን ነበር የምሠራው፤ የጠፋ በሬ፣ የሚቋረጥ ውኃ፣ የግብር ጊዜ። የነቀምቴ መንገድ መገንጠያው ላይ እህል የጫኑ መኪናዎች እየጮሁ፣ እኔም እየጮኽኩ። አለቃዬ ቀልጣፋ ሰው ነበር። ክትባት መጥቶ ሰው አልወጣ ሲል ጠራኝና «ያቺን ጥሩንባህን አምጣት። ለቀብር የሚወጣ ሕዝብ ለክትባት ይወጣል» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ተቆጣ። አያ ደምለው በሰው ሰምተው በአውቶቡስ ቡሬ ድረስ መጡና ቢሮው በር ላይ ቆመው «ጌታዬ፣ አንድ ቀን ይወጣልዎታል፤ በሚቀጥለው ግን ለሞቱም አይወጣም» አሉት። አለቃዬ ሻይ አዘዘላቸው፣ እኔን ደግሞ ዘበኛ አደረገኝ። ብዙ ሳይቆይ አያ ደምለው ጥርሳቸው አለቀና ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ቦታቸውን ወሰድኩ።

አያ ደምለው ሚስታቸው ቀድማቸው ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እሑድ እሑድ ምሳ ይዤላቸው ስሄድ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉኛል። «አስማረ፣ እኔን ስትጠራ አትቸኩል። ዝምታውን ረዘም አድርገው። እኔ ሌላ ዘመድ የለኝም፤ ያቺ ቆርቆሮ የምታመጣልኝ ሰው ነው ዘመዴ።» በቃል ኪዳን አሰሩኝ። የከተማውን ሰው ሁሉ ጠርተው አስቀብረዋል፤ እሳቸው የሚፈልጉት በተራቸው መጠራት ብቻ ነበር።

የምርጫው ሰሞን መጣ።

በእድራችን ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። መምህር ሙላት የከተማውን ግማሽ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ለገዥው ፓርቲ ይቀሰቅሱ ነበር። አቶ ይበልጣል የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የተፎካካሪው ፓርቲ አስተባባሪ ሆኑ። የመምህሩ ቤትና የነጋዴው መጋዘን በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ። አበልጆች ነበሩ፤ የመምህሩን ልጅ ክርስትና ያነሡት አቶ ይበልጣል ናቸው።

አንድ ቀን ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሁለቱ ክርክር ገጠሙ።

«ዴሞክራሲን የሚያጠፋት» አሉ መምህር ሙላት፣ «ካሸነፍኩ ሕዝብ ፈረደ፣ ከተሸነፍኩ ተጭበረበርኩ የሚል ሰው ነው። የእናንተ ሰዎች ውጤቱን ሳያዩ ነው አንቀበልም የሚሉት፣ አበልጄ።»

«እንዴት እንቀበል?» አሉ አቶ ይበልጣል። «ቀበሌው የእናንተ፣ አዳራሹ የእናንተ፣ ድምፅ ማጉያው የእናንተ። ስብሰባ እንጥራ ስንል ፈቃድ የምንለምነው እናንተን። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የወንበሩ ጠባቂ ነኝ የሚል ነው የሚገድላት።»

አያ ደምለው ጥግ ላይ ነበሩ። «እንዲያው ልጠይቃችሁ» አሉ። «ሁለታችሁም ልትሞት ነው፣ ሞተች ትላላችሁ፤ የተጣላችሁት ገዳይዋ ላይ ነው። ኸሁለታችሁ እግሯን የያዘ ማን ነው?»

ድንኳኑ ሳቀ። መምህር ሙላት ግን አልሳቁም። «አያ ደምለው፣ ይሄ እግር ተይዞ የሚታወቅ ሞት አይደለም» አሉ። «ሰው ሲጠራ የማይወጣበት ቀን ነው የሚታወቀው።»

«እዚህ ላይ አበልጄ ልክ ናቸው» አሉ አቶ ይበልጣል።

ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ የሰማሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው። አያ ደምለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ስሸኛቸው መንገድ ላይ ቆም ብለው «ያ መምህር ያለው ነገር አስፈራኝ» አሉኝ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ተቀምጬ ጥሩንባ ሰማሁ። የተነፋው ከወደ አስፋልቱ ነው። ረጅም ንፊት፣ ዝምታ። በዝምታው ውስጥ ሳል። የእኔ ሳል ነበር።

እንጉዳይ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ አየችኝ፤ ጥሩንባዋ ወዳለችበት አየች፤ እንደገና እኔን አየች። «አንተ ሰው፣ እዚህ አይደለህ እንዴ?» አለችኝ። እጄን ዳሰሰችው። እኔም በእውነት እዚህ መሆኔን የተጠራጠርኩባት ቅጽበት ነበረች። ሁለተኛው ንፊት መጣ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ትንፋሼ ግን በመንገዱ ይሄዳል።

ወጣሁ። ሰው ሁሉ ወጥቷል። ነጠላ ተዘቅዝቋል፣ ጋቢ ተደርቧል፣ ባለጋሪዎች ቆመዋል። በከተማችን ጥሩንባ ሲነፋ ባለጋሪ ፈረሱን ያቆማል፤ ከዘመን ብዛት ፈረሶቹ ራሳቸው ለምደው ልጓም ሳይሳብ ይቆማሉ። ያገኘኝ ሁሉ «ማን ነው፣ አያ አስማረ?» ይለኛል። አላውቅም። ድምፁን ተከትለን ሄድን። ሜዳው ላይ መድረክ ተሠርቷል፤ ሚኒባስ ላይ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ተጭኗል። አንድ ሰው ከአንዱ የቀብር ጥሪዬ ላይ ጥሩንባዬን በስልኩ ቀድቶ፣ ስሙን ቆርጦ ጥሎ፣ ንፊቱንና ሳሉን ብቻ አስቀርቶታል። ተናጋሪው መድረክ ላይ ወጥቶ «ዴሞክራሲን ሊቀብሯት የተዘጋጁትን እንታገላለን!» ብሎ ሲጮህ ያጨበጨበ የለም። ሜዳ ሙሉ ሕዝብ የለቅሶ ልብሱን ለብሶ ዝም ብሎ ቆሟል። ተናጋሪው ራሱ ያንን ፊት ሲያይ ድምፁ እየቀነሰ መጣ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት «አስከሬኑስ የት አለ?» ብለው ጠየቁ።  ሰው ቀስ እያለ፣ ነጠላውን ሳያስተካክል፣ ወደ ቤቱ ገባ።

ብዙ ሳይቆይ ሌላው ወገን እዚያው ሜዳ ላይ ያንኑ ቅጂ አስነፋ። ማን እንደጀመረው መምህር ሙላትንም አቶ ይበልጣልንም ጠይቄአለሁ፤ ሁለቱም እነሱ ናቸው ብለው ምለዋል፤ ሁለቱም እነሱ ካቆሙ እናቆማለን ብለውኛል። ወደ እድሩ ዳኛ ሄድኩ። እድሩ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን ሊካፈል ይነታረክ ነበር። በሁለተኛው ጥሪ የወጣው ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ሲያልፍ በሮች ገርበብ ይላሉ፣ ዓይን ይታያል፣ በሩ ይዘጋል። ቆመው የሚጠብቁት ፈረሶቹ ብቻ ሆኑ።

አያ ደምለው ታመው ተኝተው ነበር። ያ ቅጂ በወፍጮ ቤቱ በኩል ሲያልፍ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ማን ነው የሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም፣ አያ።»

«እግሩን ያዝህ?»

«የሞተ የለም አልኩዎት። የምርጫ ሰዎች ናቸው።»

አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ከመንገዱ ደግሞ ስስል ሰሙኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እንግዲህ እኔን ማን ይሰማኛል?» አሉ። እንዲህ ያለ ንዴት በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም። የምመታው ሰው አጣሁ እንጂ በዚያች ሰዓት ያገኘሁትን እመታ ነበር።

ምርጫው ሳይደርስ ሞቱ። እግራቸውን ያዝኩት። ቀጭን፣ መንገድ ያሳጠረው የሚመስል እግር ነበር። ጎህ ሲቀድ አፌን በለብታ ውኃ ተጉመጥምጬ ወጣሁ። በየመንታ መንገዱ ነፋስን በጀርባዬ ሰጥቼ ነፋሁ። ዝምታውን ረዘም አደረግኩት፤ ሳሌን ላስቀር ብዙ ታገልኩ፤ መጣ። ሰፈሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሰዓቱን፣ በመጨረሻም ስማቸውን ጠራሁ። የራሴን ድምፅ ግድግዳው ሲመልሰው እሰማለሁ። በሮች ገርበብ ብለዋል። ዓይኖች አሉ። ማንም አልወጣም።

ደጋግሜ ነፋሁ። አንድ ባለ ሱቅ በበሩ ቀዳዳ «ዛሬ ደግሞ የማን ነው?» አለኝ።

«የአያ ደምለው ነው። አርፈዋል።»

«አይ ጉድ! እሳቸውንም አስገባችሁበት?» አለና ዘጋው።

ወደ መምህር ሙላት ሄድኩ። በሩን ከፈቱልኝ፤ ስነግራቸው ደነገጡ። ከዚያ ዓይናቸው በትከሻዬ ላይ አልፎ ወደ መጋዘኑ ሄደ። «አበልጄ ይሄዳሉ ወይ?» አሉኝ። «እሳቸው ካሉበት ሰዎቻቸው ይኖራሉ። ቀብር ላይ ቆሜ ይቀርጹኝና ነገ በየስልኩ ያዞሩኛል። መጀመሪያ እውነት መሆኑን ላጣራ።» አስፋልቱን ተሻገርኩ። አቶ ይበልጣል ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። «መምህሩ ምን አሉ?» አሉኝ። «ሳይወጡ እኔ ብወጣ፣ ያለ ፈቃድ ሰልፍ ጠራ ብለው ሊያሳስሩኝ ቢሆንስ? አይቀየሙኝ፣ አያ አስማረ፤ ጥሩንባዎን አላመንኩትም።»  ሁለቱም የፈሩት ከምር ነው። ሁለቱም የሚፈሩበት ምክንያት ነበራቸው። እኔ ግን የሚሸከም ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ።

ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ስላልሞላ አያ ደምለውን በፈረስ ጋሪ ጫንናቸው። እኔ፣ እንጉዳይ፣ ባለጋሪው፣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። የቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ከወደ አስፋልቱ ጥሩንባ ተነፋ። ሚኒባሱ ነበር። ፈረሱ ቆመ። ባለጋሪው ሳበው፣ ተቆጣው፣ በመጨረሻ ለመነው፤ ፈረሱ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አልንቀሳቀስም አለ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሳልኩ። ካህኑ ዞረው አዩኝ፤ አፌ ዝግ ነበር። አያ ደምለው ጋሪው ላይ ተኝተው፣ እኛም ራሳችንን ዝቅ አድርገን፣ ማንም ያልሞተበት ጥሪ እስኪያልቅ ቆመን ጠበቅን። ሲያልቅ ፈረሱ በራሱ ፈቃድ ተነሣ።

የዚያኑ ቀን ወሬው ተጣራ። መምህር ሙላት ቤቴ መጥተው አለቀሱ፤ በማግስቱ አቶ ይበልጣል መጥተው አለቀሱ። ሁለቱም «ለዚህ ያበቁን እነሱ ናቸው» አሉኝ። ሁለቱንም ቡና እንኳ ሳልጋብዝ ሸኘኋቸው። ምርጫው ተካሄደ፤ አንደኛው ወገን አሸነፈ፣ ሌላው አልተቀበለም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጥሩንባ የሚያምን ስለጠፋ እድሩ በስልክ መልእክት ይላክ አለ። እኔም ጥርሴን ምክንያት አድርጌ ተሰናበትኩ።

ያ ቅጂ ግን አልጠፋም። ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ይኖራል። ጫማ የሚሸጥ ሰው ሲያስነፋው ሰምቻለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ሰምቻለሁ። አንዳንድ ጠዋት ገና አልጋዬ ላይ ሳለሁ ከሩቅ ስስል እሰማለሁ። እንጉዳይ እጄን መዳሰስ ትታለች።

አሁን በቅርቡ ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ ከታችኛው ሰፈር ቀጠን ብሎ ተነፋ። ረጅሙ ንፊት፣ ዝምታው፣ ሳሉ። ተነሥቼ ጋቢዬን ደረብኩ።

«ተኛ» አለችኝ እንጉዳይ። «ያው እነሱ ናቸው።»

«እውነት ቢሆንስ?»

ወጣሁ። በሮች ገርበብ ብለዋል። መምህር ሙላት በራቸው ላይ ቆመው ወደ መጋዘኑ ያያሉ፤ አቶ ይበልጣል መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ወደ መምህሩ ያያሉ። ሁለቱም አርጅተዋል። በመካከላቸው አለፍኩ።  ታችኛው ሰፈር ስደርስ አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ብቻዋን ቆማ ስልክ ወደ ሰማይ አንሥታ ይዛለች። ጥሩንባዬ የሚጮኸው ከእጇ ነው። ስታየኝ ስልኩ ወደቀባት። ድምፁ መሬት ላይ ሆኖ ቀጠለ።

«ባሌ ነው» አለችኝ። «መልእክት አልሄድ አለኝ፣ አያ አስማረ። በምን ልጥራ? ሌላ የለኝም።»

ገባሁ። እግሩን በመዳፌ ያዝኩት። ቀዝቅዟል። ስወጣ ሁለት ሽማግሌዎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። እርስ በርስ አይተያዩም። ጋቢያቸውን ደርበዋል፤ ተከትለውኝ ነው የመጡት።

«እውነት ነው?» አሉኝ መምህር ሙላት።

አቶ ይበልጣልም ያንኑ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው ነበር።

«እግሩን ይዣለሁ» አልኳቸው።

አቶ ይበልጣል ጎንበስ ብለው ገቡ። መምህር ሙላት ተከተሏቸው። እኔ መንታ መንገዱ ላይ ወጥቼ ነፋስን በጀርባዬ ሰጠሁ። ጥሩንባ አልያዝኩም፤ የፊት ጥርስ የለኝም፤ ንግግሬ ይሾልካል። ሰፈሩን ጠራሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ጠራሁ፣ ሰዓቱን ጠራሁ። ከዚያ ስሙን። ከኋላዬ የአንድ በር መቀርቀሪያ ሲነሣ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የሌላ። ማን እንደሆነ ዞር ብዬ አላየሁም።